ርካሹ የፍጥነት መለኪያ ይታመናል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለዒላማ ውድድር የምጠቀምበትን የ.308 ዊንቸስተር ጥይት ራሴ መሙላት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ፈቃዱም፣ ሚዛኑም፣ የአሞላል መጽሐፉም አለኝ። የቀረኝ የጥይቱን ፍጥነት የሚለካው ክሮኖግራፍ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ባለ ራዳሩን ካልገዛህ ገንዘብህን ውኃ በላው በለው» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ከአፈሙዙ ፊት የሚተከለውን አሮጌ ባለ ብርሃን መለኪያውን ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። አቅሜ ውሱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምተኩሰው በ100 እና በ300 ሜትር ነው፤ ወደፊት ግን እስከ 800 ሜትር የመሞከር ሐሳብ አለኝ። ርካሹን ብገዛ የሚነግረኝን ቁጥር ማመን እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። ግን ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግህ አስቀድመህ ለይ። ጓደኞችህ ስለ ዕቃው ተከራከሩ እንጂ ስለ አንተ ተኩስ የጠየቀህ የለም።

ሒሳቡን እንሥራው። አንዱ አረር በሰከንድ 850 ሜትር፣ ሌላው 840 ሜትር ፍጥነት ይዘው ከአፈሙዙ ወጡ እንበል። በ100 ሜትር ላይ የሁለቱ የከፍታ ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ቀዳዳ ራሱ ከዚያ ይሰፋል። በ300 ሜትር ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። 800 ሜትር ላይ ግን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ያ ነጥብ ያስጥላል። ስለዚህ ለዛሬው ተኩስህ የሚበቃህ መለኪያ አሞላልህ ከመጽሐፉ ጋር እንደሚስማማና ጥይቶችህ እርስ በርስ እንደሚቀራረቡ የሚነግርህ ነው። ለዚህ ደግሞ ባለ ብርሃኑ በቂ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሳጥን ላይ ሁለት ብርሃን የሚያነቡ ዓይኖች አሉ። አረሩ ከላያቸው ሲያልፍ ጥላው የመጀመሪያውን ዓይን ሲነካ ሰዓቱ ይነሣል፣ ሁለተኛውን ሲነካ ይቆማል። በርካሾቹ ላይ በዓይኖቹ መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የአንተ አረር ይህን በ0.35 ሚሊ ሰከንድ ያቋርጠዋል። እዚህ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር የርቀት ስሕተት ንባቡን በሰከንድ በ3 ሜትር ገደማ ያዛባል። ኦህለር 35ፒ የተባለው ስመ ጥር መሣሪያ ዓይኖቹን በዘንግ ላይ የሚተክለውና ሦስተኛ ዓይን ጨምሮ ንባቡን ከራሱ ጋር የሚያመሳክረው እንዲህ ያለውን ስሕተት ስለሚፈራ ነው። ጓደኛህ የሚሸጥልህ ሳጥን ታጣፊ ከሆነ፣ ከመግዛትህ በፊት ዘርግተህ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስደግፍበት። ማጠፊያው ላልቶ ሳጥኑ በትንሹም ቢሆን ከጎበጠ ተወው።

የቋሚ ስሕተት ነገር ብዙም አያስጨንቅህ። ሁልጊዜ በሰከንድ 3 ሜትር ዝቅ አድርጎ የሚናገር መለኪያ ሁለት አሞላሎችን ለማወዳደር ምንም አይጎድለውም። አስቸጋሪው የሚዋዥቀው ስሕተት ነው፤ የእሱም ዋና ምንጭ ብርሃን ነው። ሰማዩ በስሱ ደመና የተሸፈነበት ቀን ለእነዚህ መሣሪያዎች ሠርጋቸው ነው። ጠራራ ፀሐይ ከሆነ ከዓይኖቹ በላይ ያሉትን ነጭ የፕላስቲክ ክዳኖች ግጠማቸው፤ ብርሃኑን አለስልሰው ያዳርሱታል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ግን ጨረሯ በክዳኑ ሥር ገብቶ አንዱን ዓይን ብቻ ይመታል፤ ያን ጊዜ የሚመጣውን ቁጥር ባትጽፈው ይሻላል። የሚያብረቀርቅ የመዳብ ልባስ ያለው አረር ደግሞ በጥላ ፈንታ ብልጭታ ሊሰጥ ስለሚችል፣ ንባቡ ሲዘባረቅብህ የጥቂቶቹን አረሮች ጫፍ በጥቁር ማርከር ቀብተህ ሞክር። በፍሎረሰንት አምፖል በሚበራ የቤት ውስጥ ሜዳም የመብራቱ መርገብገብ ዓይኖቹን ያታልላቸዋል።

አተካከሉ ላይም ቸልታ አይገባም። ሳጥኑን ከአፈሙዙ ከ3 እስከ 5 ሜትር አርቀው። ከዚያ ካቀረብኸው የባሩዱ ግፊትና ያልተቃጠለ ቅንጣት ከአረሩ ጋር እየደረሱ የመጀመሪያውን ዓይን ያስደነግጡታል፤ .308 በሰከንድ 1,400 ሜትር በረረ ብሎ የሚያስደንቅህም ያኔ ነው። ሳጥኑ ከአረሩ መንገድ ጋር ትይዩ ይሁን፤ አምስት ዲግሪ ቢያዘነብል በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጥሃል።

አሁን የምነግርህን ደግሞ ልብ በል፤ የእነዚህ መሣሪያዎች ትልቁ ገዳይ እሱ ነው። መነጽርህ ከበርሜሉ በላይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። በዚህ ቅርብ ርቀት አረሩ ገና ከመነጽሩ እይታ በታች በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ነው የሚጓዘው። በመነጽሩ ስታይ ሁሉም ነገር ክፍት ይመስልሃል፤ ቃታውን ስትስብ ግን አረሩ ሳጥኑን ይበሳዋል። መፍትሔው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካረጋገጥህ በኋላ የኋላ መዝጊያውን አውጥተህ በበርሜሉ ቀዳዳ ውስጥ ወደ ዒላማው ማየት ነው። የምታየው ክብ ብርሃን ከሳጥኑ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ክዳኖቹን በያዙት ሁለት ዘንጎች መካከል ማለፍ አለበት። ይህን ባለማድረግ የተበሳ መለኪያ በየተኩስ ሜዳው ሞልቷል።

በመሐል ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ጓደኞችህ አላነሡትም። ማግኔቶስፒድን የመሰለው መለኪያ እንደ ሳንጃ ከበርሜሉ ጫፍ ሥር ይታሰርና አረሩ ሲያልፍ የሚፈጠረውን የማግኔት መስክ ለውጥ ያነባል። ፀሐይም ጨለማም አይገደውም፤ ወደ ፊት ሄዶ መትከልም የለም፤ የሚበሳበት አጋጣሚም በጣም ጠባብ ነው። ጉድለቱ በርሜሉ ላይ መንጠልጠሉ ነው። የበርሜሉን ንዝረት ስለሚለውጥ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይዛወራል፤ ስለዚህ ፍጥነት የምትለካበትን ተኩስና የዒላማ ወረቀት የምታነብበትን ተኩስ መለያየት ግድ ይሆናል። ባሩድና አረር ለሚቆጥብ ሰው ይህ ድርብ ወጪ ነው። እኔ በግሌ አልወደውም፤ ለአደን ጠመንጃ ግን ክፉ አይደለም።

ራዳሩ የሚሠራው የፊዚክስ ሊቁ ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ባስረዳው ሕግ ነው። ከጠመንጃው ጎን ታስቀምጠዋለህ፤ የሚልከው ሞገድ ከአረሩ ቂጥ ነጥሮ ሲመለስ ከድግግሞሹ ለውጥ ፍጥነቱን ያሰላል። እንደ ላብራዳርና ጋርሚን ዜሮ ሲ1 ፕሮ ያሉት መለኪያዎች አምራቾች የሚሰጡት የስሕተት ልክ ከሺህ አንድ ነው፤ ለአንተ ጥይት በሰከንድ ከአንድ ሜትር በታች ማለት ነው። ላብራዳር አረሩን እየተከተለ በተለያየ ርቀት ላይ ያለውን ፍጥነት ጭምር ይሰጣል። ጋርሚኑ በመዳፍ ልክ ነው፤ ከኪስ አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ ታቆመዋለህ፣ አለቀ። ጓደኛህ ራዳሩን ማድነቁ ትክክል ነው፤ ውሱን አቅም ያለውን ሰው ማስፈራራቱ ግን ትክክል አይደለም።

ፍርዴ ይህ ነው። ሰዎች ወደ ራዳር እየተሻገሩ ስለሆነ ያገለገሉ ባለ ብርሃን መለኪያዎች በብዛት እየተሸጡ ነው። የጓደኛህ ሳጥን የማስመሪያውን ፈተና ካለፈ በትንሽ ገንዘብ ግዛውና ሥራህን ጀምር። 800 ሜትሩ ከምር ሲመጣ ደግሞ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ራዳር ግዙ። ክሮኖግራፍ በየቀኑ የሚያስፈልግ ዕቃ አይደለም፤ አሞላልህ አንዴ ከተወሰነ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሣጥን ውስጥ ነው የሚኖረው።

ከሁለቱ በአንዱ ብትወስንም የሚጠቅምህ ሌላ ነገር አለ፤ የጥይቱ ብዛት። መደበኛ ልዩነት ማለት ፍጥነቶቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚናገር ቁጥር ነው፤ አምስት ጥይት ተኩሶ «መደበኛ ልዩነቴ በሰከንድ 4 ሜትር ነው» ብሎ የሚፎክር ሰው መቼም አይጠፋም። ከአምስት ጥይት የተገኘ 4፣ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ሲሰላ እውነተኛው ከ2.4 እስከ 11.5 በየትኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል። ሃያ ጥይት ተኩሰህ 4 ካገኘህ ግን ከ3 እስከ 5.8 ባለው ውስጥ ነው። በትልቁና በትንሹ ፍጥነት መካከል ያለው ርቀትማ ጭራሽ በጥይቱ ብዛት ያድጋል፦ አምስት ብትተኩስ በአማካይ የመደበኛ ልዩነቱን 2.3 እጥፍ፣ ሃያ ብትተኩስ 3.7 እጥፍ ታገኛለህ፤ ጥይቱ ሳይከፋ ቁጥሩ ይከፋል። ስለዚህ የአምስት ጥይት ውጤትህን ከሌላ ሰው የሃያ ጥይት ውጤት ጋር አታወዳድር። ሃያ ጥይት በርካሽ መለኪያ፣ አምስት ጥይት በውድ ራዳር ከሚሰጠው የተሻለ እውነት ይሰጥሃል። ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስም የለብህም፤ ሙቀቱ ተቀራራቢ በሆነባቸው ቀናት የለካኸውን ደምር።

ጥያቄ፦ እኔም የ.308 ጥይት እሞላለሁ። በቅርቡ መለኪያ ገዝቼ ስሞክር፣ ከመጽሐፉ ከፍተኛ የባሩድ ልክ በታች ሞልቼ ሳለ መጽሐፉ ከጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት በላይ አሳየኝ። ቀለሆቹን አገላብጬ አየኋቸው፤ ምንም የተለየ ምልክት የለባቸውም። መለኪያው ነው የተሳሳተው ብዬ ልለፈው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትለፊው። መጀመሪያ ያንን አሞላል መተኮስ አቁሚ፤ ከዚያ መለኪያውን መርምሪ።

ምርመራው ረጅም አይደለም። መለኪያው በጫማ ይሁን በሜትር እንደሚያነብና አንቺ የምታወዳድሪው በየትኛው እንደሆነ እዪ። ቀጥሎ ፍጥነቱ የታወቀ የፋብሪካ ጥይት ተኩሺበት። ለዚህ የሚመቸው ከድምፅ በታች የሚበረው የ.22 ሎንግ ራይፍል የዒላማ ጥይት ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 325 ሜትር አካባቢ ነው፤ የራሱን ትክክለኛ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ታገኚዋለሽ። ከዚያ አጠገብ የሚመጣ ንባብ ከሰጠሽ መለኪያውን አትክሰሺ። እንዲያውም አንድ ካርቶን ለዚሁ ሥራ ለይተሽ ብታስቀምጪና በየጊዜው ከመጀመርሽ በፊት ጥቂት ብትተኩሺበት መልካም ነው።

ከዚያ በርሜልሽን ለኪ። መጽሐፉ የሞከረበት በርሜል ርዝመት እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል። የአንቺ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ሜትር ሊጨምርልሽ ይችላል፤ ይህ የማያስፈራ ጭማሪ ነው። ሚዛንሽንም በፍተሻ ክብደት ፈትሺው። በ.308 ላይ የአንድ ግሬን (ባሩድ የሚመዘንበት ትንሽ የክብደት መለኪያ) አሥረኛ የባሩድ ልዩነት በሰከንድ ወደ 2 ሜትር ስለሚጠጋ፣ ሚዛንሽ ሙሉ ግሬን ቢሳሳት የምታዪው ልዩነት ቀላል አይሆንም።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ፍጥነቱ አሁንም ከመጽሐፉ በላይ ከሆነ፣ ግፊቱም ከመጽሐፉ በላይ ነው ብለሽ ውሰጂው። በተመሳሳይ ባሩድ፣ አረርና በርሜል ትርፍ ፍጥነት ከግፊት በቀር ከየትም አይመጣም። ክሮኖግራፍ ግፊት አይለካም፤ ግን ቤታችን ውስጥ ስለ ግፊት የሚያስጠነቅቀን ከእሱ የተሻለ መሣሪያ የለንም። ለ.308 ዊንቸስተር የጥይት ደረጃ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን (ሲ.አይ.ፒ.) ያስቀመጠው የግፊት ጣሪያ 415 ሜጋ ፓስካል ነው፤ ቀለሁ ላይ የምትፈልጊው ምልክት፣ የተደፈጠጠ ካፕሱልም (የባሩዱ መለኮሻ) ሆነ የከበደ መዝጊያ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ይህ ጣሪያ ከታለፈ በኋላ ነው። «ምልክት የለም» ማለት «ደኅና ነው» ማለት አይደለም። ባሩዱን ቀንሺና ፍጥነቱ ከመጽሐፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቁሚ፤ ግሬኑ ከመጽሐፉ ያነሰ ቢሆንም እንኳን። አዲስ የባሩድ ቆርቆሮ በከፈትሽ ቁጥርም ይህንኑ ድገሚ፤ በአንድ ስም የሚሸጥ ባሩድ ከምርት ምርት ይለያያልና።

ጥያቄ፦ በስልክ ማይክሮፎን ፍጥነት የሚለኩ መተግበሪያዎች መኖራቸውን ሰማሁ። ነፃ ስለሆኑ እነሱን ብጠቀምስ?

መልስ፦ ለአየር ጠመንጃ ከሆነ ተጠቀም። መተግበሪያው የሚያደርገው የተኩሱን ድምፅና ዒላማው ሲመታ የሚወጣውን ድምፅ ሰምቶ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ መቁጠር ነው። ርቀቱን በሜትር አስተካክለህ ከለካህና ዒላማው ጮክ ብሎ የሚሰማ ቆርቆሮ ከሆነ ጥሩ ግምት ይሰጣል። የሚሰጥህ ግን በመንገዱ ላይ ያለውን አማካይ ፍጥነት ነው፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ የነበረውን አይደለም። ከድምፅ በላይ ለሚበር የጠመንጃ ጥይት አይሆንም፤ አረሩ ራሱ የሚያሰማው ስንጥቅ ድምፅ ከሁለቱ ጋር ተደበላልቆ ስልኩን ያሳስተዋል።