መልስ፦ ያለ ሄፓሪን ዲያሊሲስ ማድረግ ይቻላል?

እህቴ አብሽሪ፣ ደምን በማሽን የማጣራቱ ሕክምና፣ ዲያሊሲስ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት ሄፓሪን ባይኖርም ይቻላል። አባትሽ ጨጓራቸው እየደማ ሐኪሙ ሄፓሪን መከልከሉ ተገቢ ነው፤ ደሙ ማሽኑ ውስጥ ይረጋል ብለሽ መስጋትሽም ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ደሴ በዲያሊሲስ ነርስነት ስሠራ የለመድነው መንገድ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውኃ) በማጣሪያው ማሳለፍ ነው። ማጣሪያው ሲታጠብ ነጣ ይላል፤ ጠቆር ያሉ መስመሮች ከቀሩበት ደሙ መርጋት ጀምሯል። የመመለሻው ቱቦ ግፊት እያደር መጨመሩም ያንኑ ይናገራል። የገባው ሳላይን ከሰውነታቸው በሚወጣው ፈሳሽ ላይ መደመር አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፣ ሲረሳም ታማሚው ውኃ ተሸክሞ ይመለሳል። ደም የሚወሰድበት ፊስቱላ (በቀዶ ጥገና የተገናኘው የደም ሥር) ወይም ካቴተር (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቱቦ) ከፈቀደ የደሙ ፍጥነት ከፍ ይበል፤ ዝግ ብሎ የሚሄድ ደም ቶሎ ይረጋል።

በሄፓሪን ፈንታ ሲትሬት የሚባልም አለ፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይዞ መርጋትን ያግዳል። ነገር ግን ካልሲየም ደጋግሞ መለካትን ስለሚጠይቅ፣ ፈጣን ላቦራቶሪ በሌለበት እኔ አልደፍረውም።

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ፣ ማሽኑ ሳይገናኝ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እንደሆነ ለተረኛው ነርስ ንገሪ፤ የጨጓራው መድማት ምልክት ነው። «ሄፓሪን አይሰጥ» የሚለው ካርዳቸው ላይ መጻፉንም በዓይንሽ እዪ።