እንግሊዝኛ መምህር ለመሆን ለምትማሩ፦ ጠይቁኝ

16 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነገ መምህር የሚሆኑ ልጆችን አሠለጥናለሁ። ለፕራክቲከም (ትምህርት ቤት ሄዶ ማስተማርን ለመለማመድ) ስትወጡ ክፍል ገብታ፣ ማስታወሻ ይዛ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው ሴትዮ እኔ ነኝ። ያላችሁን ጥያቄ አምጡ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እኔ እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው። ፊልም ያለ ትርጉም አያለሁ፣ ልብ ወለድ አነባለሁ። ቋንቋውን ካወቅኩት ይሄ ሁሉ የማስተማር ዘዴ ኮርስ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ቋንቋውን ይዘህ መምጣትህ ደስ ይላል። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ተማሪ «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ ፋይቭ ይርስ» ብሎ ጻፈ። ስህተት መሆኑን ወዲያው ታያለህ። ለምን እንደዚያ እንደጻፈ ግን ይታይሃል? ልጁ አልዘባረቀም፣ አስቦበታል። ኑሮው ገና ስላልተቋረጠ የአሁን ጊዜ ግስ መረጠ። «ሲንስ»ን ደግሞ «ከዚያ ጀምሮ» ብሎ ስለያዘው አምስቱን ዓመት አስከተለበት። እንግሊዝኛ ግን «ሲንስ» ሲል የጀመረበትን ቀን ይፈልጋል፣ ለጊዜው ርዝመት «ፎር» አለው። ተማሪው የት ጋ እንደታጠፈ ካላየህ አርመህለት ትሄዳለህ፣ ነገ ይደግመዋል።

ሊ ሹልማን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ለዚህ እውቀት «ፔዳጎጂካል ኮንተንት ኖውሌጅ» የሚል ስም አወጣለት። ትምህርቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ትምህርቱ ለተማሪ የት የት ላይ እንደሚከብድ ማወቅ ሌላ ነው። አንተ የመጀመሪያውን ይዘህ መጥተሃል። ኮርሶቹ የሚሰጡህ ሁለተኛውን ነው።

ጥያቄ፦ ፎነቲክስ (የንግግር ድምፆች ትምህርት) እያሰቃየኝ ነው። እነዚያን ምልክቶች በቃል መያዝ ክፍል ውስጥ ምን ይረባኛል?

መልስ፦ በእንግሊዝኛ መርከብ አንድ ቃል ነው፣ በግ ሌላ ቃል። በእኛ ፊደል ስጽፋቸው ግን ሁለቱም «ሺፕ» ይሆኑብኛል። ተማሪሽ ጆሮ ውስጥ የሚሆነውም ይሄው ነው። አማርኛ 7 አናባቢ ድምፅ አለው። በተለመደው የብሪታንያ አነጋገር እንግሊዝኛ 20 ያህል አለው፣ የሚጽፋቸው ግን በአምስት ፊደል ነው። ስለዚህ የቃሉ አጻጻፍ ድምፁን አይነግርሽም። ከ1888 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ዓለም አቀፉ የድምፅ ፊደል ለአንድ ድምፅ አንድ ምልክት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ሌላም ልጨምርልሽ። ተማሪዎች «እስኩል»፣ «እስቱደንት» ሲሉ ትሰሚያለሽ። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ቃል ሲጀመር ተነባቢዎች ተደራርበው ሲመጡ አናባቢ ጣል ማድረግ ምላሳችን የለመደው ነው። ፎነቲክስ የተማረ መምህር «እንደሱ አይባልም!» አይልም። «ስስስስ» ብላችሁ አስረዝሙ፣ ሳታቋርጡ «ኩል» በሉ ይላል። በሁለት ደቂቃ ይይዙታል። ምልክቶቹን ለፈተና ብቻ አትሸምድጂ። የራስሽን ድምፅ በስልክ ቀድተሽ እየሰማሽ ተለማመጂባቸው።

ጥያቄ፦ አክሰንቴ እንደ ፈረንጅ አይደለም። ተማሪ ይስቅብኝ ይሆን?

መልስ፦ እንደ ፈረንጅ መናገር አይጠበቅብህም። ጥርት ብሎ መሰማት ግን ይጠበቅብሃል። የቃሉ ጭነት፣ ማለትም ጠንከር ተደርጎ የሚነገረው ክፍል፣ የት ላይ እንደሚያርፍ ካወቅክና ካልተጣደፍክ በቂ ነው። አንተ ቋንቋውን ለፍተህ የተማርከው ስለሆነ መንገዱን ታውቀዋለህ። ይሄ ለተማሪህ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ በቅርቡ ፕራክቲከም እወጣለሁ። በጣም የምፈራው ጠይቄ ማንም ሳይመልስልኝ ሲቀር ነው። ያ ዝምታ ሲመጣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠብቂ። ከባዱ ሥራ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የብዙ ክፍሎችን ድምፅ ቀድታ አዳመጠች። መምህራን ጠይቀው በአማካይ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ 3 ሰከንድ ሲያሳድጉት የተማሪው መልስ ረዘመ። ጨርሶ የማይመልሱት ቀነሱ። እሷ ያጠናችው የሳይንስ ክፍሎችን ነው። በሁለተኛ ቋንቋ ደግሞ አስቢው፦ ልጁ ጥያቄውን መረዳት አለበት፣ መልሱን ማሰብ አለበት፣ ቃላቱን መፈለግ አለበት፣ በአማርኛ መጨረሻ ላይ የለመደውን ግስ ወደ መሃል ማምጣት አለበት። ከዚያ ድፍረቱ አለ። ይሄ ሁሉ በ1 ሰከንድ አይሆንም።

አንዲት ተለማማጅ ትዝ ትለኛለች። «ስልክህ ቢጠፋብህ ምን ታደርጋለህ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ጸጥ አለ። ጠመኔውን በሁለት እጇ ጨብጣ መስኮቱን እያየች በልቧ ስትቆጥር ከኋላ ይታየኛል። አራት፣ አምስት። ከግድግዳው ጥግ፣ ሳምንቱን ሙሉ ድምፅ ያላሰማች ልጅ «አይ ዉድ ክራይ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። መምህሯ አልሳቀችም፣ «ኋይ?» ብላ እንደገና ጠበቀች። «ማይ ማዘርስ ፎቶ ኢዝ ኢን ኢት።» ከዚያ በኋላ የወጡትን እጆች መቁጠር አልቻልኩም። ሰዋስው ለማስተማር የተሠራ አረፍተ ነገር በአንዴ የሰው ንግግር ሆነ። አንድ ሰከንድ ቀድማ ራሷ ብትመልስ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ደግሞ «ገባችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። ሁሌም «አዎ!» ነው መልሱ። ያስተማርሽው «ሺ ሃዝ ሊቭድ ሂር ፎር ቴን ይርስ» ከሆነ፣ «አሁንም እዚሁ ነው የምትኖረው?» በይ። መልሳቸው የገባቸውን ያሳይሻል።

ጥያቄ፦ ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አራት ገጽ ሌሰን ፕላን ያስጽፉናል። ነባር መምህራን እኮ እንደሱ አይጽፉም።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ እኔም ዛሬ አልጽፍም። በተለማማጅነቴ ግን አንዴ በዝርዝር ሳልጽፍ ገባሁ። ለ40 ደቂቃ ያሰብኩት በ17 ደቂቃ አለቀ፣ የቀረውን ከመጽሐፉ አስገለበጥኳቸው። ልጆቹ ሰዓታቸውን ነው የተነጠቁት፣ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። እቅዱ ላይ እኔ የምናገረውን ጽፌ ነበር፤ እነሱ የሚሠሩትን አልጻፍኩም። ከገጹ ብዛት ይልቅ እሱን ተመልከት። በየደረጃው «ተማሪው አሁን ምን እያደረገ ነው?» የሚለው መልስ «እየሰማ» ብቻ ከሆነ ቀይረው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ሲሳሳት ላርም ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እንደ ሥራው ነው። ግራመር እየተለማመዱ ከሆነ እዚያው አርሚ። ሐሳባቸውን እያወሩ ከሆነ ማስታወሻ ያዢና በመጨረሻ ሁለት ሦስቱን ሰሌዳ ላይ አውጪ፣ የማን እንደሆነ ሳትናገሪ።

ብዙዎቻችን የምናደርገው ልጁ የተሳሳተውን አስተካክለን በራሳችን አፍ መድገም ነው። ሊስተርና ራንታ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት የካናዳ ክፍሎች ጥናት ከግማሽ በላይ የሆነው እርማት እንዲህ ያለው እንደነበር አሳይቷል። ግን ተማሪው ከሁሉም ያነሰ ምላሽ የሰጠውም ለሱ ነው፣ መታረሙን እንኳ ላያውቅ ይችላል። «የስተርደይ አይ ጎ» ካለሽ «የስተርደይ አይ...?» ብለሽ አቁሚለት። ራሱ ይጨርሰው።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ የተማርነውንና የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ያለው መምህር የሚለው አይገናኝም። «ቲዎሪውን እርሳው» ብሎኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ክፍሉን ጸጥ ማሰኘት፣ ሰሌዳ አጠቃቀም፣ የልጆቹን ስም መያዝ፣ እነዚህን ከሱ ተማር። በዚያ ማንም አይወዳደረውም። አክብረው፣ ፊት ለፊት አትከራከረው።

ቲዎሪውን ግን አትጣለው። ዳን ሎርቲ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳለው፣ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ድረስ 13,000 ሰዓት ያህል መምህራንን ሲያይ ይውላል። ስለዚህ ስንጨነቅ የምናስተምረው ኮርስ ላይ እንደተማርነው ሳይሆን ተማሪ ሳለን እንዳየነው ነው። ያኔ የተማርንበትን መንገድ ደግመን እንይዛለን፣ ባይሠራም። ኮርሱ ሌላ ምርጫ እንዳለ ያሳይሃል።

ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ አማርኛ መናገር ክልክል ነው?

መልስ፦ አይደለም። ለከባድ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል አምስት ደቂቃ ያድንልሻል። ሙሉ ክፍለ ጊዜውን በአማርኛ ስለ እንግሊዝኛ ማውራት ነው ጥፋቱ።

ጥያቄ፦ እኔ 38 ዓመቴ ነው። ሌላ ሥራ ላይ ቆይቼ ነው ይህን ትምህርት የጀመርኩት። ከልጆች ጋር መቀመጡም ያሳፍራል፣ ቃላትም ጠፍተውብኛል።

መልስ፦ እንኳን መጡልን። ክፍል ፊት መቆም ከሌሎቹ ይልቅ ለእርስዎ ይቀላል፤ ሰው ፊት ሲናገሩ ኖረዋል። ለቃላቱ ከየትም አይጀምሩ። ማይክል ዌስት በ1953 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ዝርዝር 2,000 ያህል በብዛት የሚያገለግሉ ቃላት አሉት፣ በሱ ይፈትሹ። ከዚያ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ፣ 570 የቃል ቤተሰብ (ከአንድ ቃል የሚወጡ ተዛማጅ ቃላት)። የዩኒቨርሲቲ ንባብዎን በጣም ያቀልልዎታል። በቀን አምስት አምስት፣ ከነአረፍተ ነገሩ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እውነቱን ልናገር። ምርጫዬ አልነበረም። ልቀጥል ወይስ ዲፓርትመንት ልቀይር?

መልስ፦ ፕራክቲከም ሳትወጪ አትወስኚ። እስከዚያው ሰፈርሽ ካለ ከአንድ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ተዋሺ። አንድ ገጽ ምረጪና ስህተቶቹን ሳታርሚ ከእያንዳንዱ አጠገብ «ምን አስቦ ነው?» ብለሽ ግምትሽን ጻፊ። ከዚያ ልጁን ጠይቂውና አስተያዪው። ግምትሽ ሳይገጥም ሲቀር «ወይ ጉድ፣ እንዲህ ነው ለካ!» ካሰኘሽ እዚሁ ቆዪ። ገጹን ሳትጨርሺ ከሰለቸሽም ንገሪኝ፣ የትኛው ዲፓርትመንት እንደሚሻልሽ አብረን እናያለን።