መልስ፦ ተቋራጩ በኮሮና ሰበብ የጠየቀው 90 ቀን እና የፌሮ ዋጋ ልዩነት

በተቆጣጣሪነት በምትሠራበት ሳይት ተቋራጩ በኮሮና ምክንያት 90 ቀን ተጨማሪ ጊዜና የፌሮ (የአርማታ ብረት) ዋጋ ልዩነት ጠይቆ፣ ምን ልመልስለት ላልከው፦ 90ውን ቀን በጅምላ አታጽድቅ፤ የዋጋውንም ጥያቄ ከጊዜው ለይተህ መልስ።

ጊዜው፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 ከዐቅም በላይ የሚለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ሥራውን ፈጽሞ የሚያግድ ነገርን ነው። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ስለታወጀ ብቻ ሳይትህ ቆሟል ማለት አይደለም።

1. ከሳይት ዳያሪው (የሳይቱ የዕለት መዝገብ) የየቀኑን የሰው ኃይል ከመጋቢት በፊት ከነበረው ጋር አስተያይ።
2. የሰው እጥረቱ የትኛውን ሥራ እንዳስቆመ ለይ። የሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) ሙሌት ከቆመ የርክክቡ ቀን ይገፋል፤ የአጥር ግንብ ቢዘገይ አብዛኛውን ጊዜ አይገፋም።
3. ከወረርሽኙ በፊት የነበረውን መጓተት ቀንስ። አሮጌው ዕዳ ኮሮና ጀርባ መደበቅ ይወዳል።
4. ተቋራጩ የጊዜ ጥያቄውን ማስታወቂያ በውሉ ቀነ ገደብ ውስጥ ማስገባቱን አረጋግጥ።

ዋጋው፦ ውሉ በግልጽ ሌላ ካላለ ቁጥር 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርን ከዐቅም በላይ አያደርገውም። የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ካለ በቀመሩ አስላ፤ ከሌለ በክፍያ ሰርተፍኬት (ለተሠራ ሥራ ክፍያ የሚጸድቅበት ሰነድ) ውስጥ አታስገባው። ለነገሩ በ20/80 የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ፌሮና ሲሚንቶ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ ያቀርብበት የነበረ ጊዜ ብዙ ነው፤ መጀመሪያ የግዢ ደረሰኙን ጠይቅ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ርቀት ለመጠበቅ ብለህ በፎቶ ብቻ ሙሌት አትፍቀድ። የፌሮው ብዛት በፎቶ ይቆጠራል፤ ስፔሰር (ፌሮውን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ) ሳይገባበት ፎርምዎርኩ (የአርማታው ቅርጽ ማውጫ) ላይ የተኛ ፌሮ ግን ፎቶው ከላይ ሲነሣ አይለይም፤ አርማታው ከተሞላ በኋላ ደግሞ ሽፋኑን (ፌሮውን የሚሸፍነውን የአርማታ ውፍረት) በሜትር መለካት አትችልም። ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ሜትርህን ይዘህ ብቻህን ግባ።