በጉዞ ላይ ጥሩ የፖከር ጠረጴዛ ማግኘት፦ ጥያቄና መልስ

የምመልሰው በካዚኖ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ስለሚደረገው ጨዋታ፣ በተለይ ቴክሳስ ሆልደም ስለሚባለው የፖከር ዓይነት ነው። ቶርናመንትን (የሽልማት ውድድርን) የማነሳው ጥያቄው ራሱ ሲጠራው ብቻ ነው። «1/2» ወይም «2/5» ስል የስሞልና የቢግ ብላይንድ፣ ማለትም ካርታ ሳይታደል ሁለት ተጫዋቾች በግዴታ የሚያስቀምጡት የትንሹና የትልቁ መወራረጃ፣ መጠን በዶላር ማለቴ ነው። ሌላ ገንዘብ በሚሠራበት አገርም ስሌቱ ያው ነው።

ጥያቄ፦ የካዚኖው ድረ ገጽ «ፖከር አለን» ይላል። እዚያ ስደርስ ግን አንድም ጠረጴዛ አልተከፈተም። ከመሄዴ በፊት እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድረ ገጹ የሚነግርህ ክፍሉ መኖሩን ነው፤ ዛሬ ማታ ሰው ይቀመጥበት አይቀመጥበት አይነግርህም። አሜሪካ ከሆነ የምትሄደው «ብራቮ ፖከር ላይቭ» እና «ፖከርአትላስ» የሚባሉትን መተግበሪያዎች ስልክህ ላይ ጫን። ብዙ ክፍሎች ስንት ጠረጴዛ እንደተከፈተና ስንት ሰው ተራ እንደሚጠብቅ በዚያ ያሳያሉ። ዛሬ ብቻ ዓይተህ አትወስን። ቅዳሜ ማታ ልትጫወት ካሰብክ ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቅዳሜዎች በዚያው ሰዓት ክፈትና ተመልከት። ሰዓቱን ስታይ የከተማውን ሰዓት መሆኑን አትርሳ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የተጠባባቂው ዝርዝር «8 ሰው» ብሎ የጠረጴዛው ቁጥር ዜሮ ከሆነ ጨዋታ የለም ማለት ነው። ያ ዝርዝር ሰው ከተሟላ እንጫወታለን ያሉት ሰዎች ስም ነው። ግማሹ በስልክ የተመዘገበና ላይመጣ የሚችል ነው።

ከዚያ ደውል። ዋናው ኦፕሬተር ስለ ጠረጴዛው አያውቅም፣ ወደ ፖከር ክፍሉ እንዲያገናኙህ ጠይቅ። አሁን የትኛው ብላይንድ በስንት ጠረጴዛ እየተካሄደ ነው? ትንሹና ትልቁ ባይ-ኢን (ይዘው የሚቀመጡት ገንዘብ) ስንት ነው? ሬኩ (ቤቱ የሚቆርጠው) በመቶኛ ስንት ነው፣ ጣሪያውስ? በስልክ ብመዘገብ ስሜን ለስንት ደቂቃ ትይዙልኛላችሁ? ሁሉንም ለማወቅ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። «አንድ ጠረጴዛ ብቻ» ካሉህ በዚያ ላይ ተስፋ ጥለህ ረጅም መንገድ አትሂድ፤ ሦስት ሰው ከተነሳ ይበተናል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን መቀየሪያም ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ የትኛው ቀንና ሰዓት ይሻላል?

መልስ፦ ዓርብና ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ። ለመዝናናት የመጣው ሰው የሚቀመጠው ያኔ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት የሚገኙት በአብዛኛው የክፍሉ ቋሚ ሰዎች ናቸው። በትዕግሥት ይጫወታሉ፣ ጥሩ ካርታ ሳይዙ አይገቡም፣ ገንዘባቸውም በቀላሉ አይነቃነቅም።

ትልቅ ቶርናመንት ያለበት ሳምንት ለብቻው ይታያል። ለምሳሌ የዓለም ፖከር ውድድር በላስ ቬጋስ ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ጀምሮ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ግድም ይካሄዳል፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቦታው እዚያው ከተማ ያሉት ሆርስሹ እና ፓሪስ የሚባሉት ካዚኖዎች ናቸው። ከውድድር የወደቀ ሰው በንዴት ወደ ካሽ ጠረጴዛ ስለሚመጣ ጨዋታው ይሞቃል። ተራ መጠበቁ ግን ይረዝማል፣ የሆቴል ዋጋም ይወጣል፣ ከየአገሩ የመጡ ብርቱ ተጫዋቾችም በዚያው መሃል አሉ። በአውሮፓም ቼክ ሪፐብሊክ፣ ጀርመን ድንበር አጠገብ ባለችው ሮዝቫዶቭ እንዲሁ ነው፤ ትንሽ መንደር ናትና በውድድር ሳምንትና በሌላው ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ሰዎች ስለ ሬክ ሲያወሩ እሰማለሁ። ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ተጓዥ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል እንዴ?

መልስ፦ ያመጣል እህቴ፣ እንዲያውም ከሁሉ በፊት የሚጠየቅ ነው። ሬክ ቤቱ ከእያንዳንዱ ፖት (በአንድ ዙር ጨዋታ ከተከማቸው መወራረጃ) የሚቆርጠው ገንዘብ ነው። በብዙ የአሜሪካ ክፍሎች ከፖቱ 10 በመቶ ይቆረጣል፣ ጣሪያውም ብዙ ጊዜ 5 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ለጃክፖት ተብሎም 1 ወይም 2 ዶላር ይጨመርበታል። ፍሎፕ (ለሁሉም የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች) ካልወጣ አብዛኛው ቤት አይቆርጥም።

ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ዲለር (ካርታ አዳይ) በሰዓት 30 እጅ (ዙር ጨዋታ) ግድም ያወጣል። ትንንሾቹንና ትልልቆቹን አማክለን ከአንድ እጅ 4 ዶላር ይወጣል እንበል። በሰዓት 120 ዶላር ከጠረጴዛው ላይ ይጠፋል ማለት ነው። ዘጠኝ ሰው ሲካፈለው ለአንድ ሰው 13 ዶላር ይደርሳል። ያሸነፈ ሁሉ ለዲለሩ 1 ዶላር ከሰጠ በነፍስ ወከፍ ሌላ 3 ዶላር ይጨምራል። በድምሩ በሰዓት 16 ዶላር።

ይህ 16 ዶላር በ1/2 ጨዋታ 8 ቢግ ብላይንድ ነው። በ2/5 ግን ከ3 ትንሽ የሚበልጥ ቢግ ብላይንድ ብቻ ነው። በዝቅተኛ ብላይንድ በሰዓት 10 ቢግ ብላይንድ ማትረፍ እጅግ ጥሩ ውጤት ነው። የ1/2 ተጫዋች ያንን ወደ ቤቱ ይዞ ለመሄድ ወጪው ሳይነሳ 18 ማሸነፍ አለበት። ትንሹ ጨዋታ ከባዱ ጨዋታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። 1/2 እና 1/3 በእኩል ጣሪያ ጎን ለጎን ካሉ፣ ኪስሽ ከቻለ 1/3 ላይ ተቀመጪ።

አቆራረጡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሎስ አንጀለስ የካርታ ቤቶች በመቶኛ ሳይሆን ከየእጁ የተወሰነ ገንዘብ ያነሳሉ፤ ስለዚህ ትንንሽ ፖት መሰብሰብ እዚያ ዋጋ የለውም። በቴክሳስ ያሉት ክለቦች ከፖቱ አይቆርጡም፣ የአባልነትና የሰዓት ክፍያ ያስከፍላሉ። ከፍ ባሉ ብላይንዶችም በየግማሽ ሰዓቱ የመቀመጫ ክፍያ የተለመደ ነው። በሰዓት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ራት ልብላ ብሎ ወንበር ይዞ መጥፋት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛው ጥሩ መሆኑን ሳልቀመጥ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ስምህን አስመዝግብና ለ15 ደቂቃ ቆመህ ተመልከት፤ ሰባት እጅ ያህል ታያለህ።

መጀመሪያ ፍሎፕ የሚያዩትን ሰዎች ቁጠር። ከዘጠኙ አራት አምስቱ በየእጁ የሚገቡ ከሆነ ጥሩ ነው። ሁልጊዜ አንዱ ከፍ አድርጎ፣ ሌላው በላዩ ከፍ አድርጎ፣ የቀሩት ካርታቸውን ከጣሉ ሌላ ጠረጴዛ ፈልግ።

ቀጥሎ ቺፑን (የመጫወቻ ገንዘቡን) እይ። ትልቁ ባይ-ኢን 300 ሆኖ ሰው ሁሉ ፊት 80 እና 100 ብቻ ካለ፣ ምንም ያህል ደካማ ቢሆኑ የሚገኘው ትንሽ ነው። ሦስት አራት ሰው ከ300 በላይ ይዞ ከተቀመጠ ገንዘቡ አለ ማለት ነው። ቺፑን በሃያ በሃያ ደርድሮ ማዳመጫ ያጠለቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዘወትር ተጫዋች ነው። በዕድሜና በልብስ ግን አትፍረድ፣ ብዙዎችን ያከሰረ ስሕተት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መጨረሻ ላይ የሚገለጠው ካርታ ነው። ለምሳሌ በ1/2 አንዱ በ15 ዶላር ከፈተ፣ አራት ሰው ሆነው ፍሎፕ አዩ። ፍሎፕ ላይ 40፣ ተርን (አራተኛው ካርታ) ላይ 100፣ ሪቨር (አምስተኛውና መጨረሻው) ላይ የቀረው ሁሉ ሲገፋ በአምስተኛው ወንበር ያለው ሰው ሦስቱንም ጊዜ ዝም ብሎ ተከተለና ሁለተኛውን ጥንድ፣ ማለትም መካከለኛ ካርታ ብቻ፣ ገለጠ። የምትፈልገው ሰው ይህ ነው፤ ይህን ሰው በብለፍ (ጥሩ ካርታ የያዙ በማስመሰል) ለማስጣል መሞከር ግን ከንቱ ነው። ጥሩ ካርታ ስትይዝ ብቻ ትልቅ ታስከፍለዋለህ።

ከዚያው እጅ ሌላም ትምህርት ይገኛል። የመክፈቻው መጠን ከክፍል ክፍል ይለያያል፤ በአንዱ 1/2 ላይ 6 ዶላር ነው፣ በሌላው 15። 200 ዶላር ይዘህ በ15 ከሦስት ሰው ጋር ብትገባ ፖቱ 60 ሆኖ አንተ ጋ 185 ይቀራል፤ ሦስት እጥፍ ብቻ ነው። እንደ 7 እና 6 ያሉ ተከታታይ ካርታዎች እዚያ አያዋጡም። ትልልቅ ጥንድና ትልልቅ ካርታ ይዘህ ግባ።

ጥያቄ፦ ፍሎር (የክፍሉ ተቆጣጣሪ) የሰጠኝን ወንበር አልፈልግም ብል ያስቀይማል?

መልስ፦ አያስቀይምም። ስትቀመጥ ለፍሎሩ «የጠረጴዛ ለውጥ ዝርዝር ላይ አስገባኝ»፣ ለዲለሩ ደግሞ «ወንበር ሲለቀቅ ንገረኝ» በል። ገንዘብ በጠረጴዛው ላይ የሚዞረው በሰዓት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ብዙ የሚወራረደው ሰው በቀኝህ እንዲሆን፣ ማለትም ካንተ ቀድሞ እንዲወስን አድርግ፤ ጥንቁቁና ዝምተኛው በግራህ ይሁን። አንዳንድ ቤት ግን አዲሱ ጠረጴዛ ሰው ወደ ዋናው ጠረጴዛ መላክ ግዴታው ነው። ተራህ ሲደርስ እዚህ ይሻለኛል ማለት አትችልም፣ ወይ ትዛወራለህ ወይ ትነሳለህ።

ጥያቄ፦ የማላውቀው ደንብ ገንዘብ እንዳያስወጣኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ እንግዳን በብዛት የሚጥሉት እነዚህ ናቸው። ሳትናገር አንድ ትልቅ ቺፕ ብትወረውር «ኮል» (ተከተልኩ) ተብሎ ይቆጠራል። ከፍ ለማድረግ ቺፑ ከእጅህ ሳይወጣ «ሬይዝ» በል። ቺፑን በሁለት ጊዜ ብትገፋው የመጀመሪያው ብቻ ይያዛል፣ ስለዚህ መጠኑን በቃል ተናገር። ካርታህ ላይ ቺፕ ወይም ሌላ መጠበቂያ አስቀምጥ፤ ዲለሩ በስሕተት ከጠረገው እጁ ሞተ። ያሸነፍከውን ቺፕ ከጠረጴዛ አንስተህ ኪስህ ማስገባትና መጫወት መቀጠል አይፈቀድም። በብዙ የአሜሪካና የእንግሊዝ ክፍሎች ካርታ ከተሰጠ በኋላ በጠረጴዛው የሚፈቀደው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ሆናችሁ እጁ ሳያልቅ በአማርኛ ብታወሩ፣ ወሬው ስለ እራት ቢሆን እንኳ፣ ዲለሩ ያስቆማችኋል።

ስትራድል (ካርታ ሳይታይ በፈቃድ የሚደረግ ተጨማሪ ብላይንድ) ይፈቀድ እንደሆነና ከየትኛው ወንበር እንደሆነም ጠይቅ። በ1/2 ላይ ሰው ሁሉ 5 ዶላር ስትራድል ካደረገ የተቀመጥከው በ2/5 ጨዋታ ነው፤ 200 ዶላርህም 40 ብላይንድ ብቻ ሆነ።

ጥያቄ፦ ለዲለር ጉርሻ በሁሉም አገር ይሰጣል?

መልስ፦ አይሰጥም። በአሜሪካ ከአሸነፉት ፖት 1 ዶላር የተለመደ ነው። በአውስትራሊያ ካዚኖዎች ዲለሮች ጉርሻ መቀበል አይፈቀድላቸውም።

ጥያቄ፦ ስንት ገንዘብ ልያዝ? እንዴትስ ልጠብቀው?

መልስ፦ ለሦስት ቀን ጉዞ ከአራት እስከ አምስት ባይ-ኢን ይበቃል፤ በ1/2 ላይ በ200 ብትገባ 1,000 ዶላር ነው። የሆቴልና የመመለሻ ገንዘብ ከዚህ ጋር አይቀላቀል፣ በቀን ከሁለት ባይ-ኢን በላይም አታውጣ። ካለቀ አልቋል፤ ካዚኖ ውስጥ ካለው ኤቲኤም ማውጣት ክፍያው ከባድ ነው፣ በዚያ ሰዓት የሚወጣ ገንዘብም በንዴት የሚወጣ ነው።

ዋናውን ፓስፖርት ያዝ፤ ፎቶውን አይቀበሉም። ዕድሜ በኔቫዳ፣ በማካውና በሲንጋፖር 21፣ በእንግሊዝ 18 ነው። ከ10,000 ዶላር በላይ ይዘህ አሜሪካ ስትገባም ሆነ ስትወጣ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ድንበር ደግሞ ከ10,000 ዩሮ ጀምሮ። መያዝ አልተከለከለም፣ አለመናገር ነው የሚያስወርስ። ከከተማው ከመውጣትህ በፊት ቺፕህን ሁሉ መንዝር፤ የአንዱን ካዚኖ ቺፕ ሌላው አይቀበልህም።

ጥያቄ፦ በመዝናኛ መርከብ ላይ ያለው ጨዋታስ?

መልስ፦ ተጫዋቾቹ ደካማ ናቸው፣ ሬኩ ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው፣ ጠረጴዛውም ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ። ለመርከቡ ሲባል ከሄድክ ተጫወት፣ ለፖከር ሲባል አትሳፈር።

ጥያቄ፦ ቶርናመንት አሸንፌ በአሜሪካ ግብር ይቆረጥብኛል?

መልስ፦ የውጭ አገር ሰው ከሆንክ ካተረፍከው 30 በመቶ ሊያዝ ይችላል። አገርህ ከአሜሪካ ጋር ነፃ የሚያደርግ ውል ካላት ቅጹን ሞልተህ ታስቀራለህ። ከካሽ ጨዋታ እንዲህ ዓይነት ተቀናሽ የለም።

ጥያቄ፦ በጠረጴዛው ላይ የተዋወቅኩት ሰው «እዚህ ሬክ ይበላሃል፣ ቤት የምናደርገው ጨዋታ አለ» አለኝ። ልሂድ?

መልስ፦ አትሂድ። በካዚኖው ያለው ካሜራ፣ ፍሎር፣ ቺፑን የሚከፍል መስኮት እዚያ የለም። ሁለት ሰው በምልክት ቢነጋገር፣ ካርታው ምልክት ቢኖረው፣ ስታሸንፍ «ነገ እንከፍልሃለን» ቢሉህ የምትከስስበት የለህም። ቤቱ ሬክ የሚወስድ ከሆነ በብዙ አገር ጨዋታው ራሱ ሕገወጥ ነው፤ ፖሊስ ቢመጣ እንግዳው አንተ ነህ። ሰውየው አብሮህ መጫወት ከፈለገ እዚያው ካዚኖ ከፍ ያለ ብላይንድ ያለው ጠረጴዛ እንዲከፈት አብራችሁ ፍሎሩን ጠይቁ፤ አምስት ስድስት ስም ከተሰበሰበ ብዙ ቤቶች ይከፍታሉ።