«አባባ ደክመዋል» ወይስ «ደክሟቸዋል»?

ጥያቄ፦ የ78 ዓመት አባታችን ደሴ ይኖራሉ። እኔ ኮምቦልቻ ስለሆንኩ ቶሎ ቶሎ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ዳገቱ አደከማቸውና ጋደም አሉ። እኔም ለወንድሞቼና ለእኅቴ «አባባ በጣም ደክመዋል» ብዬ በስልክ ጻፍኩላቸው። ጅዳ ያለችው እኅቴ ስታለቅስ አደረች፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሌሊት ተነሥቶ ገሠገሠ። ሲደርስ አባባ ቡናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ምኑን ነው ያጠፋሁት? ደግሞም አንዳንዴ የልጅ ልጆቻቸው ስም ይጠፋቸዋል። ታናሽ ወንድሜ «ጃጁ» ሲል ቅር ይለኛል፤ ታዲያ ምን ይባላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የመረጡት ግሥ ትክክል ነው፤ የሳቱት ዝርዝሩን ነው። «ደከመ» በሁለት መንገድ ይዘረዘራል። በአንደኛው ሰውየው ባለቤት ይሆናል፦ ደከምኩ፣ ደከመ፣ ደከሙ። በሌላው ሰውየው ተሳቢ ይሆናል፦ ደከመኝ፣ ደከመው፣ ደከማቸው። ተሳቢ ሲሆን ድካሙ እንደ ረኃብ፣ እንደ ጥምና እንደ ብርድ መጥቶ የያዘው ነገር ነው፤ ራበው፣ ጠማው፣ በረደው እንደምንለው። ሲያርፍ ይለቀዋል። ባለቤት ሲሆን ግን የተለወጠው ሰውየው ራሱ ነው። ስለ አንድ አዛውንት «ደክመዋል» ከተባለ አቅም ከድቷቸዋል ማለት ነው፤ የታመሙ ከሆነማ «በሕይወት ሳሉ ድረሱ» እንደማለት ይሰማል። ወንድምዎ ሌሊት የተነሣው አማርኛውን በትክክል ስላነበበ ነው። መጻፍ የነበረብዎ «ደክሟቸዋል»፣ ለዘብ እንዲል ካሻዎትም «ዛሬ ደከም ብሏቸዋል» ነበር።

ሁለቱን ለመለየት የአባትዎን የራሳቸውን አፍ ያዳምጡ። ዳገት ወጥተው ሲቀመጡ «ውይ፣ ደከመኝ» ይላሉ፤ የ«ኝ»ን ቦታ ለ«አቸው» ሰጥተው «ደከማቸው» ብለው ያስተላልፉ። አንድ ቀን ደግሞ ከዘራቸውን ተደግፈው «እኔስ ደከምኩ ልጄ» ይሉ ይሆናል። ያኔ የሚናገሩት ስለ ዳገቱ አይደለም፤ «ደከሙ» የሚባለውም ያኔ ነው። በጥንታዊ ጽሑፍና በቤተ ክህነት አማርኛ «ደክሞ ተቀመጠ» የሚል ሊያጋጥምዎ ይችላል፤ እዚያ ባለቤታዊው ዝርዝር ለመንገድ ድካምም ያገለግላል። በዛሬው የቤተሰብ መልእክት ግን አይመከርም።

«ለ» ሲጨመርበት ግሡ ሌላ መልክ ይይዛል። «ለእኛ ደከሙ» ማለት ለፉልን፣ አሳደጉን ማለት ነው። «ደከመኝ ሰለቸኝ ሳይሉ አሳደጉን» የሚለው አነጋገርም የወላጁን የራሱን ቃል፣ ያንን «ኝ»ን፣ እንዳለ ጠብቆ ይዞታል። እንዲህ ያለ ምስጋና በቃላችን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ለሐዘን መልእክት ብቻ ማቆየቱ ያሳዝናል፤ አባት በሕይወት እያሉ በጆሯቸው ቢነገር ይሻላል።

ፊት ለፊት ሲያነጋግሯቸው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ወሎ ላይ ለወላጅ የምንለው «አንቱ» ነው፤ አዲስ አበባ ያደጉት የልጅ ልጆች «እርስዎ» ይላሉ። ግሡ አንድ ስለሆነ በዚህ መከራከር አያስፈልግም። ባለቤት ሲሆኑ ለቅርብም ለሩቅም አንድ ዓይነት ነው፦ «አንቱ መጡ»፣ «እሳቸው መጡ»። የሚለያየው ተሳቢውና አገናዛቢው ነው፦ ለቅርብ «ደከመዎት? ራበዎት? ቤትዎ»፣ ለሩቅ «ደከማቸው፣ ራባቸው፣ ቤታቸው»። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ «አባባ ይቀመጡ» ብለው በአክብሮት ይጀምሩና «ደከመህ እንዴ?» ይላሉ፤ አንቱታው መንገድ ላይ ይቀራል። አባታቸውን ከሕፃንነት ጀምረው በፍቅር «አንተ» የሚሉ ቤቶችም አሉ፤ ያም ያው ፍቅር ነው። ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱ አይቀላቀሉ።

በስልክ ሲጽፉ «ዎ»ን አይዋጡት። በንግግር «ደከሞት» የሚመስለው ሲጻፍ «ደከመዎት» ነው፤ «ኖት»ም «ነዎት» ነው። ስለ ታመመ አባት በሚጻፍ መልእክት ውስጥ «ሞት» የሚል ፊደል ተሰክቶ መታየቱ ደግ አይደለም።

አክብሮት የሚበዛበትም ጊዜ አለ። «ጤናቸው እንዴት ናቸው?» አይባልም፤ የሚከበሩት ሰውየው እንጂ ጤናቸው አይደለም፤ «ጤናቸው እንዴት ነው?» ይበሉ። እንዲሁም ዓይናቸው ደከመ፣ ጉልበታቸው ደከመ፣ ጆሯቸው ከበደ። ይህ አነጋገር ለእርስዎ በጣም ይጠቅማል። ወንድሞችዎ የትኛው አካል እንደደከመ ሲያውቁ መነጽር ይሁን ምርኩዝ ምን እንደሚልኩ ያውቃሉ፤ «ደክመዋል» ብቻ ከተባሉ ግን የሚያውቁት ማልቀስ ብቻ ነው።

ወደ ስሙ ጉዳይ ልምጣ። «ጃጁ» ስለ አእምሮ የሚሰጥ ፍርድ ነው፤ አንድ ስም ስለጠፋቸው ሰው ላይ አይፈረድም። ቅር ማለትዎ ልክ ነው። እርስዎ የተጠቀሙበት «ስም ይጠፋቸዋል» ከሁሉም ይሻላል፤ ከአእምሮ አመለጣቸው ማለት ነው፣ ወቀሳ የለበትም። «ጠፋ»ም እንደ «ደከመ» ዝርዝሩ ትርጉሙን ይለውጠዋል። «ከዘራ ጠፋባቸው» ያጡት ዕቃ ነው። «መንገድ ጠፋቸው» ከተባለ እሳቸው አሉ፣ የሚወስደውን አቅጣጫ ግን አጥተውታል፤ በሚያውቁት ሰፈር ይህ ከደረሰ ሳይሸፋፍኑ ለወንድሞችዎ ይጻፉ፣ ለሐኪምም ይንገሩ። «አባባ ጠፉ» ደግሞ የት እንዳሉ አይታወቅም ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ለፍለጋ ይወጣል።

ታናሽ ወንድምዎ ስለ ዕድሜያቸው ብቻ መናገር ከፈለገ «ሸመገሉ» ይበል። «አረጁ» ስሕተት ባይሆንም ልብስም ቤትም ያረጃል፤ የሚሸመግል ግን ሰው ብቻ ነው። ይኸው ቃል «የጎረቤቶቹን ጠብ ሸመገሉ» ሲባል ማስታረቅ ይሆናል። በወሎ አበጋሮች የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደም የሚያደርቁበት ሥራም ያው ሽምግልና ነው፤ አባትዎ ቃሉን ቢሰሙት አይከፋቸውም።