ልጄ መስሚያ ልላክልህ ትለኛለች

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። 61 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ከግራይንደርና ከመዶሻ አልተለየሁም። ጆሮዬ እየከዳኝ እንደሆነ ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ባለቤቴማ «ቴሌቪዥኑን ጎረቤትም እየሰማው ነው» ትላለች። ግን እኮ ሰው ሲናገር ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚለው ነው የማይገባኝ፣ በተለይ ሴቶችና ልጆች ሲያወሩ። ሲስቁ እስቃለሁ፣ ሲያዝኑ ከንፈሬን እመጥጣለሁ። ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ሁሉም እጁን ሲያወጣ አብሬ አወጣሁ፤ ለካ ገንዘብ ያዥ አድርገው እየመረጡኝ ኖሯል! ሰፈሩ እስካሁን ይስቃል።

ሜሪላንድ ያለችው ልጄ፣ እዚያ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ የመስሚያ መሣሪያ አለ፣ ሰው ሲመጣ ልላክልህ ትለኛለች። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ በርካሽ የገዛውን ሞክረው ብሎኝ ሳደርገው የሻይ ብርጭቆ ኳኳታ አናቴን በሳው፣ ወዲያው አወጣሁት። ሰውስ «ሽማግሌው አለቀለት» አይለኝም? ሌላው፣ ግራ ጆሮዬ ከቀኙ ይብሳል፣ ማታ ማታም ይጮሃል። ልቀበላት ወይስ ይቅርብኝ?
ገንዘብ ያዡ

መልስ፦
ጋሼ፣ እንኳን ለሹመት አበቃዎት። መሣሪያው የሚያስፈልግዎ ይመስለኛል፣ ልጅዎ ግን ለጊዜው አትግዛ። ምክንያቱ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገው ያለፉት ግራ ጆሮዎ ነው። የሥራ ጩኸት ጆሮን ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም በተቀራራቢ ነው። አንዱ ለይቶ ከባሰና ከጮኸ የአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ኩክ ደፍኖት ከሆነ ወዲያው ይጸዳል፤ መሣሪያ የማይፈታው ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የአንገት በላይ ክፍል አላቸው። (ኩኩን በክብሪት እንጨት ላውጣ እንዳይሉ፣ አደራ!)

ከዚያ የመስማት ምርመራ ይደረግልዎ። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ያደርጉልዎታል፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቁልፍ ይጫናሉ፣ ውጤቱ ኦዲዮግራም በሚባል ወረቀት ላይ ይወጣል። የእርስዎ መስመር 4,000 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም ቀጫጭኑ ድምፅ ጋ፣ ቁልቁል ቢወርድ አይገርመኝም፣ ጩኸት ቀድሞ የሚያጠቃው እዚያ ነው። «ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚለው አይገባኝም» ያሉትም ከዚሁ ይመጣል፤ እንደ ስ፣ ፍ፣ ት ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ይጠፉና ወፍራሙ ብቻ ይቀራል። የሴትና የልጅ ድምፅም ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ያመልጣል። ይህ ጉዳት በጠብታ አይድንም፤ በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ህዋሶች አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

የጓደኛዎ ዕቃ ሁሉን ድምፅ እኩል የሚያጎላ ተራ ማጉያ ይመስለኛል። እሱ የሚናገረውንም ሰው ብርጭቆውንም አብሮ ያስጮኻል። ደህናው መስሚያ ግን በኦዲዮግራሙ ልክ ይስተካከላል፣ በዋናነት የሚያጎላው የጎደለዎትን ነው። በሰው መነጽር ሞክሮ «መነጽር አይረባም» የሚል የለም መቼም።

ልጅዎ ያለችው እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ 18 ዓመት ለሞላቸውና ችግራቸው ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰዎች መስሚያ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ከዚያ ለከፋ ግን አይበቃም። ስለዚህ የወረቀቱን ፎቶ ይላኩላት። ሲገዙም በስልክ የሚስተካከልና ቻርጅ የሚደረግ ይሁን፤ ያቺን ሚጢጢ ባትሪ በየሳምንቱ መቀየር ለወፍራም የብረት ሠራተኛ ጣት ፈተና ነው። ውጤቱ ከባድ ከሆነ ወይም ሁለቱ ጆሮዎች በጣም ከተለያዩ፣ ገንዘቡን ትላክና እዚሁ ባለሙያ ይግጠምልዎ። መሣሪያው አንዴ ተገጥሞ አያልቅም፣ ተመላልሰው ማስተካከል ይኖርብዎታል፣ ለዚህ ሜሪላንድ ሩቅ ነው።

የሰው ወሬ ላሉት፣ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፦ አለመስማትዎን እኮ ሰፈሩ አውቆታል። እድሩ ላይ ያሳቀባቸው መሣሪያ አልነበረም።

ሲጀምሩ ደስ አይልም። የራስዎ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፣ የጋዜጣ ገጽ መገልበጥ እንኳ ያስደነግጣል። አእምሮ እስኪለምደው ሳምንታት ይወስዳል። ቤት ውስጥ ከባለቤትዎ ጋር ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት እያሉ ይጀምሩ፤ ስብሰባና ለቅሶ ቤት ይቆይ። በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ቆርጠው መሳቢያ ውስጥ እንዳይወረውሩት።

ወርክሾፕ ሲገቡ ግን አውልቀው ያስቀምጡት፣ በምትኩ ጆሮዎን የሚሸፍን መከላከያ ያድርጉ። 100 ዴሲቤል ለሚደርስ ጩኸት፣ እንደ ግራይንደር ላለው ማለት ነው፣ ያለ መከላከያ በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት አይመከርም፤ እርስዎ ስንት ዓመት እንደቆሙበት ያውቁታል። ልጅዎ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ካላት መከላከያውን ትጨምር፣ አብረዎት ለሚሠሩት ልጆችም ጭምር።