ፓወር ልምረጥ ወይስ ይቅርብኝ?

አምስት ኪሎ ኤሌክትሪካል የምትማሩ ልጆች ስትሪም (የትምህርት ዘርፍ) የምትመርጡበት ጊዜ ሲደርስ ጥያቄያችሁ ይበዛል። እኔ ፓወር ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በማመንጨት፣ በማስተላለፍና በማከፋፈል ዘርፍ ስለምሠራ ለሙያዬ አደላለሁ። በሉ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ በሙሉ ኮምፒውተር እየመረጡ ነው። ፓወር ጊዜ አላለፈበትም?

መልስ፦ አላለፈበትም። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ድረስ የተዘረጋውን መስመር ተመልከት። 500 ኪሎቮልት ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ነው፤ ርዝመቱም ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጠውን ኤሌክትሪክ) እና ዲሲ የሚቀያይር ጣቢያ አለ። እዚያ ኤሌክትሮኒክሱም፣ ኮንትሮሉም፣ ኮሙኒኬሽኑም አብረው ነው የሚሠሩት።

ጥያቄ፦ ኮዲንግ በጣም እወዳለሁ። ፓወር ከገባሁ ሊቀርብኝ ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! አምስት ባስ (መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ) ያለው ትንሽ ግሪድ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መረብ፣ ወረቀት ላይ ሳዪና ሎድ ፍሎውን (ኃይሉ በየመስመሩ እንዴት እንደሚፈስ የሚያሳየውን ስሌት) በፓይተን ጻፊው። ለስሌቱ የሚያገለግለውን የኒውተን ራፍሰን ዘዴ መቼም ተምረሻል። የየባሱ ቮልቴጅ ሲወጣልሽ አንዱን መስመር ቆርጠሽ እንደገና አስሊ። ጭነቱ ወደ ሌሎቹ መስመሮች ሲዞር ታያለሽ። የግሪድ ኦፕሬተሮችን በየቀኑ የሚያሳስባቸው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ህዳሴ አለቀ። ከዚህ በኋላ ምን ሥራ አለ?

መልስ፦ ግድቡ ጳጉሜ 2017 ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ያ ኃይል ቤት እስኪደርስ ግን መስመር፣ ሰብስቴሽን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ) እና ትራንስፎርመር ይፈልጋል። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና መጣ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። የተለመደው የቤት ቻርጀር 7 ኪሎዋት ነው፣ ያውም ለሰዓታት። የሰፈሩ ሰው ማታ ገብቶ እኩል ሲሰካ ትራንስፎርመሩ ምን ይሆናል? ይህን አስልቶ መፍትሔ የሚያመጣ መሐንዲስ ያስፈልገናል።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ። ምሰሶ ላይ ልወጣ ነው?

መልስ፦ ምሰሶ ላይ የሚወጡት የሠለጠኑ የመስመር ሠራተኞች ናቸው። ዲዛይን፣ የሪሌይ (ብልሽት ሲፈጠር መስመሩን የሚያስቆርጥ መሣሪያ) ሴቲንግ፣ የግሪድ ቁጥጥር የመሐንዲስ ሥራ ነው። ሳይት መውጣት ግን አይቀርልሽም፤ ለወንዱም አይቀርለትም።

ጥያቄ፦ ደመወዙስ?

መልስ፦ እንደ ቀጣሪው ይለያያል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ አትይ። ኮንትራክተር፣ አማካሪ ድርጅት፣ ፋብሪካ፣ ሶላር አስመጪ ሁሉ ይቀጥራል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ወደ ፓወር እንዴት ልሳባቸው?

መልስ፦ ሰብስቴሽን ይውሰዷቸው፤ ከመረጡ በኋላ ሳይሆን ከመምረጣቸው በፊት። ብዙዎቹ ሥራውን ሳያዩት ነው የሚሸሹት። ከተማችን ውስጥ ቀላል ባቡሩ በ750 ቮልት ዲሲ ይሄዳል፤ ከኤሲው ግሪድ እንዴት እንደሚቀየርለት ያስጠኗቸው። የመመረቂያ ፕሮጀክቱም እውነተኛ ችግር ይሁን፦ የግቢያችሁ ትራንስፎርመር ስንት መኪና ቻርጅ ማድረግ ይችላል? ጭነቱን ራሳቸው ይለኩት፤ መልሱንም ለግቢው አስተዳደር ያቅርቡ።